ግመሉ ይሄዳል፣ መዥገሩ ይቀራል

ቆቦ ውስጥ ውሻ በገመድ አስሮ የሚንሸራሸር ሰው ካያችሁ ከሁለት አንዱ አብዷል፤ ወይ ውሻው፣ ወይ ሰውየው። የእህቴ ልጅ ባለፈው ነሐሴ ማክስ የሚባል ውሻውን ይዞ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

በመጣ በማግስቱ ጠዋት ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ «ጋሼ፣ ማክስን ላናፍሰው ነው፤ አብረን እንውጣ» አለኝ። እኛ ቤት የሚናፈሰው ፍራሽ ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ፣ ለትንሣኤ። ቢሆንም እንግዳ ነውና ተከተልኩት። ዋናውን አስፋልት ሳንሻገር ሦስት ሰው አስቆመን። አንዱ «ስንት ትሉታላችሁ?» ብሎ ዋጋ ጠየቀ። ሁለተኛው ራቅ ብሎ ቆመና «ማንን ነክሶ ነው?» አለ። ሦስተኛዋ ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ማክስን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ውይ አንጀቴን! ምን አጥፍቶ ነው ያሰራችሁት?» አለች። የእህቴ ልጅ «ዎክ እያደረገ ነው» ሲል መለሰላት። ሴትየዋ ማብራሪያ ፈልጋ ወደ እኔ ዞረች። አንገቴን ደፋሁ።

ማክስ የማር መልክ ያለው፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ አልጋ ላይ የሚተኛ ውሻ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በሙቀት አለክልኮ፣ ደሴ ላይ በብርድ ተንቀጥቅጦ፣ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዞ ነው የመጣው። (በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ሮቢት አለ። ልጁ «ሮቢት ደርሻለሁ» ብሎ ሲደውል እናቴ ከጎብዬ ወዲህ ያለችው የእኛዋ ሮቢት መስላት ዶሮዋን አረደች፤ እሱ ገና ሸዋ ሮቢት ነበር። ወጡ ሦስት ጊዜ ሞቀ።) ዕለቱ የፍልሰታ ፍቺ ነበር፤ ነሐሴ 16። በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በእኛ በራያ ቆቦ ደግሞ ሶለል የሚባለው የልጃገረዶች ጨዋታ የሚጀመርበት ቀን ነው። የእህቴ ልጅ የመጣውም ሶለልን ለማየት ነው፤ ውሻው ግን ለምን እንደመጣ እስካሁን አጣርቼ አላውቅም።

ከባለቤቱ ሻንጣ የውሻው ሻንጣ ይበልጣል። እናቴ ሲፈታ ቁጭ ብላ ተመለከተች። የሚረጭ ጠርሙስ፣ ማጅራት ላይ የሚንጠባጠብ ትንሽ ብልቃጥ፣ ሥጋ ሥጋ የሚሸት የሚታኘክ ክኒን፣ በመድኃኒት የተነከረ የአንገት ማሰሪያ፣ ሁለት ዓይነት ሻምፖ፣ ማበጠሪያ። «ይኼ ሁሉ ምኑን አሞት ነው?» አለች። «ምንም አላመመውም እማማ፣ ለመዥገር መከላከያ ነው» አላት። እናቴ ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ወባ ይዞኝ ስንዘፈዘፍ የሰጣችሁኝ ሁለት ፍሬ ኪኒን ነው» አለች፤ ነገሩን ለእኔም ለእሱም እኩል አካፍላ።

የከተማው ልጅ የመድኃኒቱን አሠራር ሲያስረዳን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁት። የሚታኘከው ክኒን ወደ ውሻው ደም ይገባል። አንዳንዱ ዓይነት ለአንድ ወር፣ አንዳንዱ ለሦስት ወር ያህል ይቆያል። መዥገሩን አያባርረውም፤ መዥገሩ መጥቶ ይነክሳል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ይሞታል። ምግብ ቤት ገብቶ በልቶ ሒሳቡን በነፍሱ እንደሚከፍል ሰው ማለት ነው። የአንገት ማሰሪያው ደግሞ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቆዳው ላይ ያሰራጫል፤ ለዚህም አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ መታሰር ያለበት ከጉዞ በፊት ነው። ይህን ሁሉ በደንብ አብራርቶ ሲጨርስ እናቴ «ታዲያ መቼ አሰርክለት?» አለችው። ማሰሪያው ከነላስቲኩ፣ ክኒኑም ከነማሸጊያው ነበር። «ስደርስ አደርግለታለሁ ብዬ ነው» አለ። ያን ቀን ማታ አሰረለት፤ ክኒኑን ደግሞ ማክስ አኝኮ አኝኮ አልጋው ሥር እንደተፋው የተገኘው ከሳምንት በኋላ ቤት ሲጠረግ ነው።

የእኛ ውሻ ስሙ ቢሆንስ ይባላል። ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት። በእኛ አገር ለውሻ ስም ሲወጣ ለራሱ ለውሻው ታስቦ አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። እናቴ የዛሬ ሰባት ዓመት ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር በአጥር ተጣልታ ሳለ «እሷ እኮ ነገረኛ ናት» ተብላ መታማቷን ሰማች። በማግስቱ ቡችላ አመጣችና በር ላይ ቆማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ቢሆንስ! ና ቢሆንስ!» እያለች ትጠራው ጀመር። ሁለቱ ከታረቁ ቆዩ፤ ዛሬ ቡና የሚጠራሩ ናቸው። ስሙ ግን ቀረ።

ቢሆንስ የሚያድረው ከጎተራው ሥር፣ አመድ ላይ ነው። የሚበላው የተረፈውን፣ የሚጠጣው ያገኘውን ነው። ቤታችንን ከሌባና ከጅብ ይጠብቃል። በድንጋይ ካልሆነ በስተቀር በእጁ ነክቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ስለ መዥገር የተጠየቀ እንደሆነ ሁላችንም የምንመልሰው አንድ ነው፤ «ውሻ አይደለም እንዴ?»

«ውሻው ይጮኻል፣ ግመሉም ይሄዳል» ሲባል ሌላው አገር እንደ ተረትና ምሳሌ ይሰማዋል። ቆቦ ላይ ግን የዕለት ወሬ ነው። ከዞብል ተራራ ማዶ፣ ከአፋር በኩል፣ ግመሎች ይመጣሉ፤ ቢሆንስ ይጮኻል፤ ግመሎቹ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት ያልፋሉ። ምሳሌው እዚህ ላይ ያቆማል። ግመሉ ሲሄድ ምን ጥሎ እንደሚሄድ አይናገርም።

ግመሉ መዥገር ጥሎ ይሄዳል። ቀንዷ ሰማይ የሚወጋው የራያ ላምም፣ ፍየሏም፣ በጉም እንዲሁ። ደም ጠጥታ የጠገበች መዥገር እንደ ሽምብራ ተነፍታ ትወድቃለች፤ ስንጥቅ ፈልጋ ትገባለች፤ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። ውሻ ላይ የሚያዘወትረው ቡናማው መዥገር አንዷ እናት ብቻ እስከ 4,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የሚፈለፈለው ስድስት እግር ያለው፣ ከአሸዋ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ነው። ይበላል፣ ይወርዳል፣ ቆዳውን ይቀይራል፣ ስምንት እግር ያወጣል፣ እንደገና ይበላል፣ እንደገና ይወርዳል። ዘመድነቱ ከሸረሪት ነው እንጂ ከዝንብና ከቁንጫ አይደለም። ቁንጫ ይዘላል፤ ዝንብ ይበራል፤ መዥገር ሁለቱንም አይችልም። የሚችለው አንድ ነገር መጠበቅ ነው። ሣር ጫፍ ላይ ይወጣና የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ልክ ባጃጅ እንደሚጠብቅ ሰው፣ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ያያል ስል በዓይኑ ማለቴ አይደለም፤ የእንስሳን ትንፋሽና የገላ ሙቀት የሚያውቅበት ነገር ያለው እዚያው የፊት እግሮቹ ላይ ነው። ባጃጁ ካልመጣ ደግሞ አይናደድም፤ ሳይበላ ወራት መቆየት ይችላል። የራያ ምድር ሦስት ቋንቋ ሲደባለቅበት የኖረ ነውና ስሙም ብዙ ነው፤ እኛ መዥገር፣ ትግርኛው ቁርዲድ፣ ኦሮምኛው ስልሚ ይለዋል። በሦስቱም ቢጠሩት አይለቅም።

እንግዲህ ነሐሴ ማለት ለቆላ መዥገር ድግስ ነው። ዝናቡ ጥሏል፤ ሙቀቱ አልሄደም፤ ድንበሩ ሁሉ ሣር ነው። ልጃገረዶቹ ወገባቸውን በለምለም ሣር አስረው፣ ተኳኩለው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት ይዘፍናሉ። እናቴ የእኛን ልጆች አንድ በአንድ በር ላይ እያስቆመች «ሣሩን አራግፊ! ሳታራግፊ አትታጠቂ! ብብትሽን አሳዪኝ!» ስትል የከተማው ልጅ ከልማዱ አንዱ መስሎት በስልኩ ቀረጻት። ልማድ አልነበረም፤ ፍተሻ ነበር። ማታ ሲመለሱ ደግሞ ከጉልበታቸው ጀርባ፣ ከጆሮአቸው ሥር፣ ከፀጉራቸው መሐል ፈትሻ ነው የምታስተኛቸው።

ማክስን ግን የፈተሸው የለም። በየቀኑ ጠዋት በሆርማት ወንዝ በኩል አድርገው ማሽላው ማሳ ድረስ ይሄዳሉ። ማሽላው ወገብ ደርሷል፤ ድንበሩ ላይ ያለው ሣር ደግሞ የማክስን ሆድ ይነካል። ልጁ መሐል መንገዱን ይዞ ይራመዳል፤ ማክስ ሣር ለሣር ይሮጣል፣ ያሸታል፣ ይንከባለላል። «መንገዱን አስይዘው፣ ሣር አታስገባው» ብዬው ነበር። «ጋሼ፣ ማሰሪያ አለው እኮ» አለኝ። ማሰሪያው እውነትም አለው። ወንዙ ውስጥም ሲዋኝ ማሰሪያው ነበረው፤ ውሃ የመድኃኒቱን ጉልበት እንደሚቀንስ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ማሸጊያው ግን የተጣለው የመጀመሪያ ቀን ነው።

በስድስተኛው ቀን ማታ «ጋሼ! ጋሼ! ማክስ ኪንታሮት አወጣ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ከግራ ጆሮው ጀርባ፣ ፀጉሩ መሐል፣ አመድማ ሽምብራ የሚያህል ነገር ተለጥፏል። ኪንታሮቱን በባትሪ ጠጋ ብዬ ሳየው እግሮቹን አንቀሳቀሰ። ልጁ ውሻውን ለቆ ወንበር ላይ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። አንድ ቤት ውስጥ መዥገር ከተገኘ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «ክብሪት ለኩሱና አስጠጉበት» አለ። ሌላው «ላምባ ጠብ አድርጉበት፣ ራሱ ይለቃል» አለ። ትምባሆ ታኝኮ ይተፋበት ያለም አለ፤ የቁልቋል ወተት ያለም አለ፤ የድግጣ ቅጠል ተቀጥቅጦ ይታጠብበት ያለም አለ። አረቄ ያሉም ነበሩ፤ እነሱ ግን ለማን እንደሆነ አላብራሩም። ስለ ድግጣው አልከራከርም፤ ቅጠሉ መዥገርና ቅማልን በማራገፍ በአገራችን ከጥንት የታወቀ ነው። ክብሪትና ላምባው ግን ስሕተት ነው። መዥገር ሲቃጠል ወይም ሲታፈን ተደናግጦ አፉን አይነቅልም፤ በሆዱ ያለውንና ምራቁን ወደ ቁስሉ መልሶ ነው የሚተፋው። በሽታው ያለው ደግሞ እዚያው ምራቁ ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ጨዋ ሆኜ አይደለም። በልጅነቴ የጥጃ ጆሮ ላይ የነበረ መዥገር በክብሪት ለኩሻለሁ። መዥገሩ አልለቀቀም፤ የለቀቀችው ጥጃዋ ናት፤ ያሳረፈችብኝ ርግጫ ምልክቱ እስከ ዛሬ ቅልጥሜ ላይ አለ።

ካነሣሁት አይቀር ሌላም ኃጢአት አለብኝ። አምና ከአንድ ሱቅ ለከብት የሚረጭ ዲያዚኖን ገዛሁ። ሻጩን መጠኑን ብጠይቀው «በባልዲ ውሃ ትንሽ ጠብ ማድረግ ነው» አለኝ። ትንሽ ስንት ነው? ጠብስ ስንት ነው? እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ለጋስ ነኝ። ቢሆንስ ላይ ከሩቅ ደፋሁበት። ውሻ ደግሞ ገላውን ይልሳል፤ ላም እንደዚያ አትልስም፤ ይህን ያሰብኩት ከደፋሁ በኋላ ነው። ምራቁ ይዝረበረብ፣ እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሰርግ ቤት ሰካራም መሰለ። በገመድ አንቀን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠብነው። ተረፈ። እናቴ ለሦስት ቀን «ደህና ዋልክ» አላለችኝም። ጎተራ ውስጥ ለነቀዝ የሚነሰነሰውን ማላታይን ውሻና ልጅ ላይ የሚነሰንሱም አሉ፤ እባካችሁ ተዉ። የውሻው መድኃኒት ለውሻ፣ በክብደቱ ተለክቶ፣ የእንስሳት ሐኪም ጠይቆ ነው። ውሻ የሚችለው ፐርሜትሪን እንኳ ድመትን ሊገድል ይችላል።

ወደ ማክስ ልመለስ። ሁሉም እየተከራከረ ሳለ እናቴ ተነሥታ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ክር አወጣች። ከመስቀሏ ጎን ወረንጦዋ አለ። የቆላ ሴት ያለ ወረንጦ ግማሽ ሰው ናት፤ ግራሩም፣ ቁጥቋጦውም፣ የበለሱም ቅርፊት እሾህ ነው። ይህ ወረንጦ የእሷም እናት አንገት ላይ የነበረ ነው፤ ጫፉ ተስሎ ተስሎ እንደ ወፍ ምንቃር ሾሏል። በእኔና በእህቶቼ እግር ያልገባበት ቀን የለም።

ጎረቤታችን ሐጂም ጩኸቱን ሰምተው መጥተዋል። ውሻ አይነኩም፤ ምራቁ ከነካቸው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለባቸው። ስለዚህ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብለው የስልካቸውን ባትሪ አበሩና መሪነቱን ያዙ። «እትዬ፣ ሆዱን እንዳትይዢው፤ ይፈነዳል! ዝቅ በይ፣ ከቆዳው ጋር! ከአፉ ያዢው!» እናቴ «ያዝኩት ሐጂ» አለች። «እንዳትጠመዝዢ፤ ቀጥ አድርገሽ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢ! ቢስሚላህ በይ!» «በስመ አብ» አለች እናቴና ሳበችው። ከነጭንቅላቱ፣ ከነእግሩ፣ ምንም ሳይጎድል ወጣ። ቡና ከሚፈላበት ፍም ላይ ጣለችው፤ ጧ አለ። ልጆቹ ድንጋይ ላይ አድርገው ሊጨፈልቁት ነበር የፈለጉት፤ አልፈቀደችም፤ ደሙ እጅ ከነካ ደግ አይደለም አለች። የነከሰበትን ቦታ በሳሙና አጠበች፤ ወረንጦዋንም በአረቄ። (አረቄው ለምን እንደተመከረ ያኔ ገባን።)

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አበው መዥገርን ረስተውታል። አፉ እንደ መጋዝ ወደ ኋላ የተመለሰ ጥርስ አለው፤ አልበቃ ብሎት እንደ ሲሚንቶ የሚደርቅ ነገር አመንጭቶ ራሱን ይለስናል። ሲነክስ ደግሞ ምራቁ ቆዳውን ስለሚያደነዝዘው ውሻው አያውቅም። ለዚህ ነው «ሲያክ አየዋለሁ» ብሎ መጠበቅ የማያዋጣው። ለዚህም ነው የዕለቱን በዕለቱ መንቀል የሚያስፈልገው፤ በሽታው ከመዥገሩ ወደ ውሻው ለመሻገር አንዳንዱ ጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዱ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ባቤዥያ የሚባለው የደሙን ቀይ ሕዋስ ይሰብራል፤ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። ኤርሊኪያ የሚባለው ደግሞ ውስጥ ውስጡን ያከሳውና አንድ ቀን ከአፍንጫው ደም ያፈሳል። በአገራችን ስንቱ ውሻ «ቡዳ በላው»፣ «ኮሶ ነው»፣ «አረጀ» ተብሎ በዚህ እንደሞተ ቢሆንስን ብትጠይቁት ይነግራችሁ ነበር።

መዥገር በሽታ እንደሚያሻግር ሳይንስ ያረጋገጠው በ1893 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ አገር ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ ባለቀ ማግስት፣ ከዓድዋ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ። ቴዎባልድ ስሚዝና ኪልቦርን የሚባሉ አሜሪካውያን የቴክሳስን የከብት ትኩሳት የሚያዛምተው መዥገር መሆኑን አሳዩ። ከብት ነጂዎቹ ግን ቀድመው ጠርጥረው ነበር፤ የሰማቸው የለም እንጂ። ይህን ለእናቴ ብነግራት አልተገረመችም። «የከብት ነገር ከብት ያለውን ነው የሚጠይቁት» አለች።

የማክስ ጆሮ ከተፈተሸ በኋላ ፍተሻው ቀጠለ። በየጣቱ መሐል፣ ብብቱ፣ ከጭራው ሥር፣ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ከዚያ ከውድ ማሰሪያው ሥር፤ በአጠቃላይ ዐሥራ አንድ ተገኘ። ማክስ አልታገለም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ፤ ሲደባበስ ያደገ ነው። ልጁ ይደባብሳል፣ «እዚህ ጋ እማማ!» ይላል፣ እናቴ ትነቅላለች፣ ሐጂ ያበራሉ። በግማሽ ሰዓት አለቀ።

«ቢሆንስንስ?» አለ ልጁ።

ሁላችንም ተያየን። ሰባት ዓመት በራችን ላይ የኖረ ውሻ፣ ጆሮው ጀርባ ምን እንዳለ አይተን አናውቅም። ልጁ ሲጠጋው ጥርሱን አሳየው። እጅ ወደ እሱ ሲዘረጋ ቢሆንስ የሚያውቀው አንድ ትርጉም ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቀን አጥንት ጣለለትና ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛውን ቀን አጥንቱን ከእጁ ወሰደ። ሦስተኛውን ቀን፣ ሶለል የሚጨፍሩት ልጆች ግቢውን ሞልተው ሲዘፍኑ፣ ቢሆንስ አመዱ ላይ ጋደም አለና የልጁን እጅ ራሱ ላይ ቻለው። ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ሰው ስላለ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ።

ሠላሳ ሰባት ላይ ስንደርስ መቁጠር ተውን።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ያመንኩት ነገር አንድ ነው። ስለ ማሰሪያው፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለሚረጨው አልጣላም፤ አቅሙ ያለው በጊዜው ይስጥ፤ ይሠራሉ። ግን የመዥገር ዋናው መድኃኒት እጅ ነው። ማክስን ያዳነው መድኃኒቱ አይደለም፤ የሚነካ ውሻ መሆኑ ነው። ቢሆንስን ሰባት ዓመት ያስበላው መዥገሩ አይደለም፤ እኛ ነን። ሐጂ እንኳ ደረቁን መንካት ነውር እንደሌለው ነግረውናል፤ የእኛን ሰበብ ግን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። መነካካት ስትጀምሩ ግን አስቀድማችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጉት፤ ፍቅር ከክትባት በኋላ ይሻላል።

የእህቴ ልጅ ሊመለስ ሲል ቢሆንስ አስፋልቱ ድረስ ሸኘው። ከመሄዱ በፊት መኪናውን አራግፈን፣ የማክስን ምንጣፍ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ ወንበሩን በየስፌቱ ፈትሸናል፤ ቡናማው መዥገር ቤት ውስጥ ከገባ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተራብቶ ዕድሜ ልኩን ሊኖር ይችላልና። «አንድ ቀን ማክስን ለንደን ይዤው እሄዳለሁ» ሲል ለአያቱ አጫወታት። ሊያስቅ ይችላል እንጂ እንግሊዞች በዚህ ነገር አይቀልዱም፤ ከ2000 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ከውጭ በዕቅዳቸው የሚገባ ውሻ ከመሳፈሩ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የመዥገር መድኃኒት እንደተሰጠው የሐኪም ወረቀት ማሳየት ነበረበት። ኋላ አስቀርተውታል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ለሰውም እንዲህ በተዉት» አለች፤ የእህቴን የቪዛ ወረፋ አስታውሳ ይመስለኛል።

ልጁ ሰላም ብሎ ከተሳፈረ በኋላ በመስኮት ብቅ አለና «እማማ፣ ወረንጦሽን ለመንገድ አውሺኝ፤ ደሴ ላይ ማክስ መውረዱ አይቀርም» አላት። ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው፤ «ስትደርስ በሚመጣ ሰው ላክልኝ አባቴ» ብላ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውሏል፤ በየማታው ማክስን እየፈተሸ መሆኑን፣ የአዲስ አበባ ጎረቤቶቹም ውሾቻቸውን ይዘው እየመጡ እያስነቀሉ መሆኑን፣ በሰፈሩ «ባለወረንጦው» መባሉን ነግሮናል።

እናቴ አሁን እሾህ ሲወጋት በመርፌ ነው የምታወጣው። ከአዲስ አበባ ወደ ቆቦ የምትመጡ ካላችሁ እባካችሁ ወረንጦውን ተቀብላችሁ አምጡልን።